ጊታሪስት ቤዝ ሲያነሳ፦ ቤት ውስጥ ለሚቀዱ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤዝ ጊታር የገዛሁት ቤዚስት ልሁን ብዬ አይደለም። ማታ ከሥራ ስገባ በላፕቶፕ የምቀዳቸው ዘፈኖች አስቸግረውኝ ነው። ጊታር አላቸው፣ ድምፅ አላቸው፣ ድራም አላቸው። ከታች ግን ባዶ ናቸው። አንድ ጊታር ደረብኩ፣ ሌላ ጨመርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ቤዝ ገዛሁ። ቤዙ ሲገባ ከደረብኳቸው ጊታሮች ሁለቱን አጠፋኋቸው፤ ዘፈኑም ሞላ።

ከዚያ ወዲህ ጊታር የሚጫወቱ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። አንድ መልስ አሥር ጊዜ ከምደጋግም እዚህ ጻፍኩት። የጻፍኩት መኝታ ቤቱ ውስጥ ለራሱና ለጓደኞቹ ለሚቀዳ ሰው ነው። ክለብ ወይም ሠርግ ላይ ለመጫወት ያሰበ ሰው ከዚህ በላይ ብዙ ይጠበቅበታል።

ጊታር ከቻልኩ ቤዝ ቀላል ነው፣ አይደል?

ግማሹ ቀላል ነው። አራቱ የቤዝ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ናቸው። የጊታራችሁ አራት ወፋፍራም ክሮች ማለት ነው፤ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ድረስ፣ ወርደው። የጊታር ወፍራም ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ የቤዙ 41 ጊዜ ያህል። ስለዚህ ሲ የምትባለው ኖታ የት እንዳለች እንደ አዲስ መማር የለባችሁም። ኤ ክር ላይ፣ ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት)፣ እዚያው ቦታዋ ናት። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት የምትወዱትን ዘፈን አብራችሁ ትጫወታላችሁ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ግራ እጃችሁ መንገዱን ስለሚያውቅ ቤዝ የቻላችሁ ይመስላችኋል። ቀድታችሁ ስትሰሙት ግን ሌላ ነገር ነው። ጊታር ላይ አንድ ኮርድ መትታችሁ ክሮቹ ሲያንቋርሩ ያምራል። ቤዝ ላይ ሁለት ክር አብሮ ሲጮህ ጭቃ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የፈጀሁት ኖታ መጀመር ስማር ሳይሆን ኖታ ማቆም ስማር ነው። ያልተነካው ክር ራሱ ይጮኻል። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ከላይ ያሉትን ክሮች ተደግፎ ዝም ያሰኛል፣ የግራ እጅ ትርፍ ጣቶች ደግሞ ከታች ያሉትን በስሱ ይነካሉ። ይህን ማንም ጊታሪስት ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል። ይሞክረው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የመጣችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ፖል ማካርትኒ በ1961 የቢትልስ ቤዚስት ባንዱን ሲለቅ ቦታውን የያዘ ጊታሪስት ነው። ካሮል ኬይም ሎስ አንጀለስ ውስጥ የስቱዲዮ ጊታሪስት ነበረች። በ1963 አንድ ቅጂ ላይ ቤዚስቱ ሳይመጣ ቀረና ቤዙን ለእሷ ሰጧት። ከዚያ በኋላ በቤዟ የታወቀችውን ያህል በጊታሯ አልታወቀችም።

ቤዝ ሳልገዛ ጊታሬን በኦክታቭ አውርጄ ብቀዳስ?

ይቻላል። ገንዘብ እስኪገኝ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አብዛኛው የመቅጃ ሶፍትዌር ድምፅን 12 ሴሚቶን፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ፣ ማውረድ ይችላል። ሲሠራ እንዲያምር በአንገቱ በኩል ያለውን ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ማግኔት) ምረጡ፣ የቶን ቁልፉን ዝጉት፣ በፒክ ሳይሆን በአውራ ጣት ምቱ። ሁለት ክር አብራችሁ አትንኩ። አጫጭር ኖታ ከሆነ ብዙ ሰው አይነቃም። ረጅም ኖታ ላይ ግን ድምፁ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

ኪቦርድም አለ። ኪቦርድ ባንዱን ሁሉ በተካበት ዘመን በወጡ ብዙ የአማርኛ ካሴቶች ላይ የምንሰማው ቤዝ የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። ስንቱን ሠርግ አስጨፍሯል! ስለዚህ በዓመት ሁለት ዘፈን ለምትቀዱ ሰዎች ቤዝ ግዙ ብዬ አልወተውትም። በወር አንድ የምትቀዱ ከሆነ ግን ግዙ። ጣት ክርን ሲነካ የሚመጣው ያ ትንሽ ግጭት በኪቦርድ አይገኝም።

የትኛውን ልግዛ?

ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ቤዝ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ካወጣቸው ሁለት ሞዴሎች የተቀዳ ነው። አንዱ በ1951 የወጣው ፕሪሲዥን ነው፣ ሌላው በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ። ፕሪሲዥን ማለት ትክክለኛ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ፍሬት ስላለው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ትልቁ የቁም ቤዝ ፍሬት የለውም፤ ጣት በትንሹ ከሳተ ኖታውም ይስታል።

ለቤት ቅጂ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ፕሪሲዥን እላለሁ። አንድ ፒካፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን፤ በቃ። ፒካፑ ለሁለት የተከፈለው የጉምጉምታ ድምፅን ለማጥፋት ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ላፕቶፑ አጠገብ፣ መብራቱ ከላይ፣ ሶኬቱ ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ነው የምንቀዳው። ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒካፕ አለው፣ የድምፅ ምርጫው ይሰፋል፣ አንገቱም ቀጭን ስለሆነ የጊታር እጅ ይወደዋል። አንዱን ፒካፕ ብቻ ስትከፍቱ ግን ይጎመጉማል። ሁለቱንም እኩል ስትከፍቱ ጉምጉምታው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

አምስት ክር ይቅርባችሁ። አምስተኛው ቢ ክር በሴኮንድ 31 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። አብዛኛው የቤት ስፒከር ያንን ድምፅ በደንብ አያወጣውም። በደንብ የማትሰሙትን ነገር ምን ብላችሁ ትቀዱታላችሁ?

ውስጡ ባትሪ ያለው ቤዝ ካገኛችሁ ደግሞ ቀድታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉት። ኬብል ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው ይሠራል። ጠዋት ልትቀዱ ስትሉ ድምፁ ደክሞ የሚቆያችሁ በዚህ ነው።

ያገለገለ ብገዛስ?

ግዙ፤ ግን የእኔን ስህተት አትድገሙ። የመጀመሪያ ቤዜን ከአንድ ሻጭ እጅ ስገዛ ቀለሙን አየሁ፣ ድምፁን ሰማሁ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንገቱ ጎበጠ። ችግር የለም፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት አጠብቃለሁ ብዬ ቁልፉን ሳስገባ ብሎኑ ተልጦ ኖሯል። ሻጩን መልሼ ስጠይቀው “ስትወስደው ደህና ነበር” አለኝ። ማሠሪያው የቤዙን ዋጋ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቤዙን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ በአንገቱ በኩል እዩት። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቱ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አሥር ደቂቃ ነው። የቮልዩሙን ቁልፍ አዙሩት፤ መንኮሻኮሹ በትንሽ ብር ይስተካከላል፣ አያስደንግጣችሁ። የአንገቱን ብረት ግን ሻጩ ራሱ ሩብ ዙር አዙሮ ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ሂዱ።

እጄ ትንሽ ነው፤ አንገቱ አይረዝምብኝም?

መደበኛ ቤዝ ላይ ክሩ 86.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ የተለመደው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ 64.8 ነው። ይህ እጅ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት ጊታር ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያንሳል፣ ቤዝ ላይ ወደ 13 ይጠጋል። ጊታር ላይ እንደለመድነው አራቱን ጣት ለአራት ፍሬት ዘርግተን ስንይዝ አንጓ ይታመማል።

መፍትሔው ከቁም ቤዝ ተጫዋቾች የመጣ ነው። ወደ አንገቱ ጫፍ ስትጠጉ አራት ፍሬት ሳይሆን ሦስት ያዙ። አመልካች ጣት አንዱን፣ መካከለኛ ጣት ሁለተኛውን፣ ትንሿ ጣት ሦስተኛውን። የቀለበት ጣት ትንሿን ትደግፋለች። ሌላ ቦታ ከፈለጋችሁ እጃችሁን አንሸራትቱ እንጂ ጣታችሁን አትለጥጡ። ከሰባተኛው ፍሬት በላይ ወደ ጊታር አያያዛችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

አጭር ቤዝም አለ፤ ክሩ 76.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ። የማካርትኒ ቫዮሊን የመሰለው ሆፍነር አጭር ነው። ድምፁ ክብ ነው፣ ወፍራሙ ክር ላይ ግን ትንሽ ይደበዝዛል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚቀዳ ሰው በጣም ይመቻል። “የልጆች ነው” የሚላችሁን አትስሙት።

በፒክ ብጫወት ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ካሮል ኬይ በፒክ ነው የተጫወተችው፣ ክርክሩም እዚያ ላይ ቢዘጋ ደስ ይለኛል። ወፍራም ፒክ ያዙ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር የማያንስ። ቀጭኑ ክሩ ላይ ሲተጣጠፍ ቻክ ቻክ ይላል።

በጣት ከሆነ ጊታሪስቶች የምንሠራት አንዲት ስህተት አለች። ክላሲካል ጊታር እንደምንጫወት ክሩን ወደ ላይ እንመነጭቀዋለን። ክሩ ፍሬት ላይ ይፈጠፈጣል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ቤዝ ላይ ጣት ክሩን ገፍቶ አልፎ የሚቀጥለው ክር ላይ ያርፋል። በአመልካችና በመካከለኛ ጣት እየተፈራረቁ። ካልሆነም በአንዷ ብቻ። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ያወጣቸውን ዘፈኖች ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን ቀኝ እጁ ላይ የሚሠራባት ጣት አመልካቿ ብቻ ነበረች።

የት እንደምትመቱም ቀላል ነገር አይደለም። ወደ አንገቱ ስትጠጉ ድምፁ ይወፍራል፣ ክሮቹ ታች ወደሚያርፉበት ድልድይ ስትሄዱ ይጠራል፣ ይጠነክራል። ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያመጣጥነውን) ከመክፈታችሁ በፊት እጃችሁን አራት ጣት ያህል አንቀሳቅሱት። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያ ያልቃል።

ጣቴ ውኃ ቋጠረ። ምን ላድርግ?

ዕረፉ። በቀን ሃያ ደቂቃ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። የቤዝ ክር ውጥረት ከጊታር ክር እጥፍ ይበልጣል፣ ግን ጊታሪስት ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚጫነው። ከፍሬቱ ልክ ኋላ ተጠግታችሁ ጫኑ፤ ጉልበት አይፈልግም። የጣት ቁስል ይድናል። አንጓ ላይ የሚሰማ ሕመም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

አምፕ ግድ ነው? የጊታር አምፔ ላይ ብሰካውስ?

ለመቅዳት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አያስፈልግም። የጊታር አምፕ ላይ ዝግ አድርጋችሁ ብትለማመዱበት ጣጣ የለውም። ስትከፍቱት ግን ስፒከሩን ትቀድዱታላችሁ፤ በምላጭ እንደሚቀደድ ጨርቅ። ስፒከሩ ለዚያ እንቅስቃሴ አልተሠራም።

በቀጥታ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (መሣሪያን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሰኩት። ለማይክ ሳይሆን ለመሣሪያ የተባለውን ቀዳዳ ወይም ማብሪያ ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በጣም ጠንክራችሁ ስትመቱ መለኪያው ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ከዚያ በላይ መግፋት ጥቅም የለውም፣ በ24 ቢት እየቀዳችሁ ነውና። በቀጥታ መቅዳት የድሃ መንገድ ነው የሚሉ አሉ። ዲትሮይት፣ ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ የጄመርሰን ቤዝ በቀጥታ ነበር የሚቀዳው።

ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታጥፉ። አፕል ያላችሁ ጋራዥባንድ በነፃ አላችሁ። ለሌላው ሪፐር አለ፤ ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል። የጊታር አምፕ ማስመሰያውን ግን ቤዙ ላይ አትጫኑበት። ከታች ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ “ቤዜ ቀጠነብኝ” ትላላችሁ።

ጉምጉምታ ካስቸገራችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና ስሙ። ግማሹ ችግር ከእሱ ነው። እኔ እንዲያውም ጥሩ ጥሩ ቅጂዎቼን የቀዳሁት መብራት በጠፋ ሰዓት ነው። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርፌሱ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ እየሠሩ፣ ፍሪጁ ዝም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም። መብራት ኃይልን አመሰግናለሁ ስል የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

እሺ፣ ምን ልጫወት?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው። ጊታሪስት ቤዝ ሲሰጡት ሶሎ ይጀምራል። አራት ክር ላይ የተጫወተ ሶሎ። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ቅጂው እስካሁን አለ፣ ለማንም አላሰማውም።

ከድራሙ ጀምሩ። ጊታሩን ዝጉት። ኪኩ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ የት የት እንደሚመታ ብቻ ስሙና እዚያ ላይ የኮርዱን መነሻ ኖታ አስቀምጡ። ኮርዱ ሲ ከሆነ ሲ። ሌላ የለም። ስምንት ባር ቅዱና ከድራሙ ጋር አብራችሁ ስሙት። ኪኩና ቤዙ ሁለት ነገር ሆነው ከተሰሟችሁ ገና ናችሁ። አንድ ወፍራም ምት ሆነው ሲሰሙ ይገባችኋል።

ቀጥሎ የኖታውን ርዝመት ቀያይሩ። ያንኑ ሲ አንዴ እስከሚቀጥለው ኪክ ድረስ አቆዩት፤ አንዴ ደግሞ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) ሲመታ ቁረጡት። ኖታው አልተቀየረም፣ ቦታውም አልተቀየረም። ዘፈኑ ግን ፈጽሞ ሌላ ዘፈን ይሆናል። በመጀመሪያው ይንሳፈፋል፣ በሁለተኛው ይራመዳል። ጊታር ስጫወት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስለዚህ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ኮርዱ ራሱ ይሞታል፣ ማን ይቆርጠዋል?

ከዚያ ወዲያ ኦክታቭና ከመነሻው አምስተኛውን ኖታ ጨምሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ኮርድ የምትሻገሩበትን አንዲት ኖታ፣ ባሩ ሊያልቅ ሲል። ዘፋኙ ሲዘፍን ዝም በሉ፣ ሲተነፍስ አንዲት ነገር በሉ። ጊታሩ የሚጫወተውን ሐረግ ቤዙ በሙሉ መድገም የለበትም። አንዴ ሁለቴ አብረው ቢሄዱ ያምራል፣ ሁልጊዜ ሲሆን አንዱ ትርፍ ነው።

አንዲት ዘዴ ልጨምር። አራት ቅጂ ውሰዱ፣ በእያንዳንዱ ኖታ እየቀነሳችሁ። ሲነጋ ስሙና ምረጡ። እኔ እስካሁን ከመጀመሪያው ቅጂ የመረጥኩት አንድም ዘፈን የለም።

የአማርኛ ዘፈን ላይስ ይኸው ነው?

በከፊል። ሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛው ቅኝት ነው። ጊታሪስት የለመደው “መነሻና አምስተኛ” የሚባለው አካሄድ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ይሠራል። ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሦስቱም ውስጥ ጂ አለች፣ እጃችሁ በልማድ ቢሄድባት ትቀበላችኋለች። አንቺሆዬ ላይ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለችም! በልማድ የገባች አንዲት ጂ ዘፈኑን ታፈርሰዋለች። እኔ አንድ ሙሉ ማታ “ጊታሩ ነው የተበላሸው” ብዬ ስቃኝ አምሽቻለሁ። ጊታሩ ምንም አልሆነም፣ ቤዙ ነበር የሚዋሸው።

ያችው መሻገሪያ ኖታም እንዲሁ። ከሮክና ከብሉዝ የለመድናት በግማሽ ቶን የምታንሸራትት ኖታ አምስት ኖታ ብቻ ባለው ቅኝት ውስጥ እንግዳ ትሆናለች። አንዳንዴ እንግዳ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። መሻገሪያችሁን ከቅኝቱ ውስጥ ፈልጉ።

ሁለተኛው ምት ነው። ጭክጭካ ስድስት በስምንት ነው፤ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ከቆጠራችሁ ሁለት ትልልቅ ምት ይወጣዋል፣ ሁለት ሁለት ካደረጋችሁት ሦስት ይወጣዋል። ዘፈኑ በሁለቱ መካከል ይጫወታል፣ ትከሻም የሚንቀሳቀሰው ለዚያ ነው። ቤዙ የትኛውን እንደያዘ ካልወሰነ ሁሉም ይወላገዳል። ክሊካችሁን፣ ምት የሚቆጥርላችሁን የሶፍትዌሩን ድምፅ፣ አንደኛውና አራተኛው ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጉት። ስድስቱንም የሚቆጥር ክሊክ ላይ የተቀዳ ጭክጭካ የወታደር ሰልፍ ነው።

ለጆሮ ደግሞ ቤዚስቶቹን፣ የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን፣ ስሙ። ዘፋኙን ለጊዜው እርሱትና ከታች ያለውን ብቻ ተከተሉ። የባህል ቡድን ውስጥ ያለውን ቤዝ ክራርም ስሙት። ስንት ኖታ ብቻ እንደሚበቃው ታያላችሁ።

ክሊክ ላይ ስቀዳ ሁልጊዜ አልገጥምም። እኔ ነኝ ወይስ ኮምፒውተሩ?

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ። ድምፃችሁ ገብቶ ተመልሶ ጆሯችሁ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። በ48 ኪሎ ኸርዝ ስትቀዱ በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፅን አጠራቅሞ የሚያስተላልፍበት መጠን) 512 ከሆነ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ10 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ነው፤ 128 ካደረጋችሁት ወደ 2.7 ይወርዳል። ኢንተርፌሳችሁ ድምፃችሁን በቀጥታ የሚያሰማ ቁልፍ ካለው ደግሞ እሱን ተጠቀሙ።

ይህን አስተካክላችሁ አሁንም ካልገጠመ እናንተ ናችሁ። ጊታሪስት መቅደም ይወዳል። ወፍራም ክር ለመናገር ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድ ደግሞ እንቸኩላለን። ሁለት ሳምንት ከክሊክ ጋር፣ አንድ ኖታ ብቻ። ይገጥማል።

ቅጂው በሄድፎን ግሩም ነው፤ ስልክ ላይ ቤዙ የለም።

የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ቢሆንም ጆሯችን ብልህ ነው። የኖታው ላይኛው ድርብርብ ድምፅ ከተሰማው የጎደለውን ታች ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ታቹን አትጨምሩ፤ ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ የምትሰማ የማትሰማ ዲስቶርሽን ጨምሩ። ቤዙ ስልኩ ላይ ብቅ ይላል።

ከ30 ወይም 40 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ እዚያ ያለው ጠረጴዛው ሲነካ የሚመጣ ጉርምርምታ ነው። ኮምፕሬሰር (የጮኸውን ዝቅ የሚያደርገው) 4 ለ 1፣ አጀማመሩ 20 ወይም 30 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ፤ የጣቱ ምት እንዲያልፍ። ጊታሩን ደግሞ ከ100 ኸርዝ በታች አስወግዱለት። ብቻውን ስትሰሙት ይቀጥናል፣ ከቤዙ ጋር ሲሆን አይታወቅም።

በስፒከር ስትሰሙ አንዲት ኖታ ብቻ ለይታ የምትጮኽ ከሆነ ቤዙ ላይ አትፍረዱ። ክፍላችሁ 3.5 ሜትር ርዝመት ካለው 49 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ያብጣል። 49 ኸርዝ ማለት ኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት፣ ጂ ነው። በኢኳላይዘር ብትቀንሱት ለእናንተ ክፍል ይስተካከላል፣ ለሌላው ሰው ይጎድላል። ለቤዝ ውሳኔ ሄድፎን ይሻላል። ጎረቤትም ያመሰግናችኋል፤ የቤዝ ድምፅ ግድግዳ አያግደውም።

ክር በየስንት ጊዜ ይቀየራል?

እንደምትፈልጉት ድምፅ ነው። አዲስ ክር ያብረቀርቃል፣ ለሮክ ያምራል። አሮጌ ክር ይደፈናል፣ ለሶልና ለድሮ የአማርኛ ድምፅ ይስማማል። ጄመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። ገጹ ልሙጥ የሆነው ክር ከመጀመሪያውም ድምፁ እንደ አሮጌ ክር የተደፈነ ነው፤ ጣት ሲንሸራተት አይንሿሿም። ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው እሱን እመርጣለሁ። የተለመደው ውፍረት ከ45 እስከ 105 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ የኢንች አንድ ሺኛ ነው። ዋጋው ከጊታር ክር በብዙ ስለሚበልጥ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ መጥረግን አትርሱ።

ቃኝቼዋለሁ፤ ወደ ላይ ስወጣ ግን ይሳሳታል።

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣውንና ጭናችሁ የሚወጣውን አወዳድሩ። የተጫነው ከፍ ካለ ድልድዩ ላይ ያለውን ማስቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። የስልክ መቃኛ ኢ ክርን መስማት ካቃተው እዚያው አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በስሱ ነክታችሁ ቃኙት።

ድሮ የቀዳኋቸው ዘፈኖች ላይ ቤዝ ብጨምርስ?

አንዱን ሞክሩ፤ በጣም የምትወዱትን ግን አይሁን። ያለ ድራምና ያለ ክሊክ የተቀዳ ጊታር ላይ ቤዝ መግጠም የሚሮጥ ታክሲ ላይ መሳፈር ነው። ክሊክ ካለው ይቻላል፤ ግን ጊታሩ ወፋፍራሞቹን ክሮች እየመታ የቤዙን ቦታ ይዞ ታገኙታላችሁ። እኔ ሦስት ዘፈን ላይ ሞከርኩ። ሁለቱ ላይ ጊታሩን እንደገና፣ በቀጫጭኖቹ ክሮች ብቻ፣ መቅዳት ግድ ሆነብኝ። ሦስተኛው ላይ ቤዙን ሰማሁት፣ ጊታሩን ዘጋሁት፣ በቤዝና በድምፅ ብቻ ተውኩት።